ጣቶቹ የበዙበት ሰው

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ፣ አንጀቱን ወለሉ ላይ ዘርግፋ፣ መልሳ ስትገጥመው ከበፊቱ ጠርቶ ማውራት ጀመረ። «ይቺ ልጅ ደም ሥሯ ሽቦ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸናባት። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማ ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ኤልኢዲ መብራቶችን፣ ቺፖችንና ሬዚስተሮችን ስትበይድ ታመሻለች። ማንም አላስተማራትም። እያበላሸች፣ ጣቷን እያቃጠለች የደረሰችበት ነው።

ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ድምፁ ጎርናና፣ ሳቁ ሦስት ቤት ተሻግሮ የሚሰማ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሻንጣ ሲያስር ገመዱ ተበጠሰና ወደ ኋላው ተንደርድሮ ወደቀ። ጭንቅላቱ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ መታው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ደምም ያን ያህል አልፈሰሰውም። አቧራውን አራግፎ ተነሳ። የሥራ ጓደኞቹም «ለትንሽ ተረፍክ» ብለው ቀለዱበት።

በሦስተኛው ቀን ግን ብርሃን ይወጋው ጀመር። መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ የቤት አምፖል፣ በመጨረሻም በበሩ ሥር ሾልኮ የሚገባው ጭላንጭል ሳይቀር ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ያስቃስተው ነበር። ፀጉር ሠሪ የሆነችው ሚስቱ የመኝታ ቤቱን መስኮት በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍና በምስማር መታችው፤ የበሩንም ሥር በፎጣ ወተፈችው። በቀን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳ የነበረ ሰው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር በሆነ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። «አንጎሉ ተናውጧል» አለ። «ጊዜ ይፈልጋል። ግን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አታቆዩት። መጀመሪያ የእጁን ቅርጽ ለማየት የምትበቃውን ያህል ብርሃን ብቻ ስጡት። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ አለማምዱት።»

ማለቱ ቀላል ነበር። ሻማ ቢያበሩለት የነበልባሉ መወዛወዝ አቅለሸለሸው። ብርድ ልብሱን በአንድ ጥግ ገለጥ ቢያደርጉለት ፀሐይዋ እንዳለች ገባች። ፀጉር ሠሪዋ ሳሎን ወጥታ ሽቦ ፊት አለቀሰች። «ወይ ጨለማ ነው ወይ ፀሐይ! መሃሉን ከየት ላምጣለት?»

«መሃሉን እኔ እሠራዋለሁ፣ እትዬ» አለች ሽቦ።

«አንቺና ሽቦሽ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። ግን አልከለከለቻትም።

ሥራው እንዳሰበችው አልሆነም። መጀመሪያ አንድ ኤልኢዲና አንድ ማዞሪያ አገናኘች። ማዞሪያውን ስታዞረው ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም፤ ከዚያ ድንገት ቦግ ይላል። ለሳሎን ቢሆን ማንም ቅር አይለውም ነበር። እሷ ግን ወንድሟ ያለበትን ለማወቅ ስትል በጠራራው ቀን ዕቃ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ሃያ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች። ዐይኗ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ያቺ የመጨረሻ ትንሽ የምትባለው ብርሃን የአውቶቡስ የፊት መብራት መሰለቻት። በጨለማ ውስጥ በምንምና በጥቂት መካከል ያለው ርቀት እንዴት ሰፊ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ስለዚህ ቺፕ ጨመረችበት። ቺፑ መብራቱን በፍጥነት ያበራል፣ ያጠፋል። ዐይን ብልጭታውን ለይቶ አያየውም፤ የበራበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ደብዘዝ ያለ፣ የረጋ ብርሃን ይመስለዋል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚበቃትን ያህል አልወርድ አላት። ቺፑ ጊዜውን ይበልጥ አድቅቆ እንዲቆርጥላት የብልጭታውን ፍጥነት ቀነሰችው። መቀነስ፣ ዕቃ ቤት ገብቶ መቀመጥ፣ ወጥቶ እንደገና መቀነስ። በአራተኛው ቀን፣ በሰከንድ ስልሳ ብልጭታ ላይ ስትደርስ፣ መብራቱ እንደ ጭስ የሳሳ ሆነ። አፍጥጣ አየችው፤ ንቅንቅ አይልም። በደስታ ብቻዋን አጨበጨበች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መብራቱን በአነስተኛ ሣጥን አድርጋ ራስጌው ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሁለቱም ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሽቦ ማዞሪያውን በጥቂቱ ነካችው። ጋሼ ዐይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ገለጠ። ቀኝ እጁን ከአንሶላው አውጥቶ ፊቱ ላይ አቆመው።

«እጄ» አለ። «እጄን አየሁት፣ ሽቦ።» ያ ጎርናና ድምፅ ተሰነጠቀ።

ፀጉር ሠሪዋ የሽቦን አንገት አቅፋ ሳመቻት። ሽቦ የዚያን ቀን መንገዱን ሁሉ ብቻዋን ፈገግ እያለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ደስታው ሁለት ቀን እንኳ አልዘለቀም። ረቡዕ ጠዋት ገና መድኃኒት ቤቱ ሳይከፈት ስልኳ ጮኸ። ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። «ራሴ ሊፈነዳ ነው ይላል። የበላውን ሁሉ መለሰው።»

«ብርሃኑ በዝቶበት ይሆናል» አለች ሽቦ። «ማዞሪያውን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ እትዬ።»

ዝቅ አደረገችው። ሐሙስ ባሰበት። «አሁንም ዝቅ አድርጊው» አለች ሽቦ። ዓርብ ሾርባ እንኳ አልረጋለት አለ። እንደገና ዝቅ አደረጉት። ባወረዱት ቁጥር ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር ያወርዱታል። ጭራሽ ይጥፋ ሲባል ደግሞ ጋሼ ራሱ እምቢ አለ። «ያቺን ብርሃን አትንኩብኝ! እሷ ከጠፋች እኔም እዚሁ እቀራለሁ!» ብሎ እንደ ሕፃን ለመነ። ከዚያ በኋላ ለማጥፋት ማን ይጨክናል?

ቅዳሜ ሽቦ ብቻዋን አጠገቡ ተቀምጣ ሳለች እጇን ፈልጎ ያዘ። መዳፉ በላብ ርሷል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእሷ ግን አትንገሪያት» አለ በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«እጄን ሳንቀሳቅስ ጣቶቼ ይበዙብኛል። አሥር ብቻ አይደሉም። ሃያ ሠላሳ ይሆናሉ፣ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ሳቆመው ይጠፋሉ።» ምራቁን ዋጠ። «እያበድኩ ነው መሰለኝ።»

«ድካም ነው» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ለራሷም እውነት አልመሰላትም። ዐሥር ደቂቃ እንኳ ምስጢሩን መያዝ አልቻለችም። ወጥታ ለፀጉር ሠሪዋ ነገረቻት። ፀጉር ሠሪዋ ፊቷ አመድ መስሎ ለሐኪሙ ደወለች።

እሑድ ሆስፒታል ወሰዱት። ዐይኑን በጥቁር ጨርቅ አስረው፣ ኮፍያ ደፍተውበት፣ በታክሲ። የጭንቅላቱን ምስል በመሣሪያ አነሡ። ሐኪሙ ምስሉን እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

«እዚህ ጋ ጥላ አለች» አለ በመጨረሻ። «ምን እንደሆነች ማረጋገጥ አልቻልኩም። ለብቻዋ ብትሆን እጠብቅ ነበር። ነገር ግን ራስ ምታቱ እየባሰ ነው፤ ያስታውከዋል፤ አሁን ደግሞ አንዱን ነገር ብዙ አድርጎ እያየ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር አንጎሉ ላይ ግፊት አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ነገ ከሰዓት በኋላ ይዛችሁት ኑ። ማክሰኞ ጠዋት ከፍተን እናያለን።»

«ምኑን ነው የምትከፍቱት?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ገብቷታል፤ ግን ከአፉ መስማት ፈለገች።

«የራስ ቅሉን» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ቀዳዳ ነው።»

በማግሥቱ ሽቦ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ዕቃውን ልታግዛቸው መጣች። ታክሲው ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል፤ ስምንት ተኩል ሆኗል። በጨለማው ክፍል ውስጥ ያቺ የሳሳች ብርሃን ብቻ ነበረች። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል፤ ለራሱ የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ፀጉር ሠሪዋ ፒጃማና ፎጣ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ነጩን ማበጠሪያዋን አንሥታ «ይሄንንስ ልጨምርለት?» ብላ በመብራቱ ፊት ወዘወዘችው።

ሽቦ ክው አለች።

ማበጠሪያው አንድ አልነበረም። በአየር ላይ አምስት ይሁን ስድስት ማበጠሪያ ጎን ለጎን ተሰልፎ ታየ፤ እያንዳንዱም ለብቻው የተቀረጸ ይመስል ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ የፀጉር ሠሪዋ እጅ ቆመና አንድ ማበጠሪያ ብቻ ቀረ።

«እትዬ፣ እስቲ እንደገና ወዝውዢው።»

«ምኑን?»

«ማበጠሪያውን! ፈጠን አድርገሽ!»

ፀጉር ሠሪዋ ግራ ተጋብታ ወዘወዘችው። ማበጠሪያው በዛ። ሽቦ የራሷን እጅ በብርሃኑ ፊት ዘርግታ አወናጨፈችው። ጣቶቿ በዙ፤ እንደ ማራገቢያ ተዘረጉ። ልክ እሱ እንዳለው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አራት ቀን ሙሉ መብራቱን አፍጥጣ አይታዋለች እንጂ በመብራቱ ፊት የሚንቀሳቀስ ነገር አንድም ጊዜ አላየችም። ዐይኗ የተረጋጋ ነው ብሎ ያታለላት ብርሃን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ የበራበት ጊዜ እያጠረ፣ ጨለማው እየረዘመ፣ ብልጭታው እየሰላ ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ላይሰማው ይችላል። የተናወጠ አንጎል ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲመታበት ከርሟል። እና በየቀኑ ስልክ አንሥታ «ዝቅ አድርጊው» ያለችው እሷ ናት።

አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ብታፍርበትም መጣባት። መብራቱን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ብትከተው ማንም አያውቅም። እሱ ሆስፒታል ነው የሚያድረው። ምናልባት እዚያ ይሻለዋል፤ ምናልባት ሐኪሙ ራሱ ይተወዋል። ምናልባት ደግሞ ነገ ጠዋት ጭንቅላቱን ይከፍቱታል።

«እትዬ» አለች። «ጋሼ አላበደም። ጣቶቹን ያበዛው የእኔ መብራት ነው። ራሱንም የሚያመው እሱ ሳይሆን አይቀርም።» እና ሁሉንም ነገረቻት፤ ቺፑን፣ ስልሳውን ብልጭታ፣ ዝቅ ሲል የሚብስበትን ምክንያት።

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆማ ሰማቻት።

«በየጠዋቱ እያበራሁለት» አለች በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሳምንት ሙሉ፣ በገዛ እጄ፣ ደስ ይበለው ብዬ።» ከዚያ ድምፅዋ ፈነዳ። «ውጪልኝ! ከፊቴ ጥፊልኝ!»

ሽቦ መብራቱን ነቅላ ወደ በሩ ስትሄድ ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ፀጉር ሠሪዋ በጨለማው ውስጥ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ወዴት ነው? ቤትሽ እንዳትሄጂ። ቀድመሽኝ ሐኪሙ ጋ ሂጂና ይሄንን ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪው። ባይሰማሽ ጩኺ።»

ጋሼ አልጋው ላይ ሆኖ፣ በደከመ ድምፅ፣ «እንዲያው ጣቴ ስንት ነው?» አለ።

ሽቦ ታክሲ ሳትጠብቅ መብራቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ሮጠች። የሐኪሙ ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ አገደቻት። ሽቦ በሕይወቷ ሙሉ ሰው ፊት ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን ጮኸች። ሐኪሙ ራሱ በሩን ከፈተ።

«ጭንቅላቱን ልትከፍቱት ያላችሁት ሹፌር እህት ነኝ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ፣ ዶክተር። መጋረጃውን ይዝጉና እስክሪብቶዎን በዚህ መብራት ፊት ያወዛውዙ።»

«እመቤት፣ እኔ የምናገረው ስለ አንጎል እንጂ ስለ አምፖል አይደለም።»

«ያወዛውዙት፤ ከዚያ ያባሩኝ።»

ሐኪሙ ተነፈሰና መጋረጃውን ሳበ። መብራቱን ሶኬት ላይ ሰካችው። ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቆሙ። ከዚያ ሐኪሙ ነጩን እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ወዘወዘው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን ይበልጥ አፈጠነው።

«ስንት ሰዓት ነው አጠገቡ የሚበራው?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ሐኪሙ መጋረጃውን ሳይገልጥ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ይሄ የጣቶቹን ነገር ያስረዳኛል» አለ። «ራስ ምታቱንና ትውከቱን ግን ያስረዳኝ እንደሆነ አላውቅም። ጥላዋም አለች። መብራትሽን ወንጅዬ በእውነት ግፊት ካለበት ይሞትብኛል፤ ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አርባ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ። እዚሁ ዐይናችን ሥር ሆኖ፣ ያለ ምንም መብራት። ከባሰበት በዚያው ደቂቃ እከፍተዋለሁ።»

ያ አርባ ስምንት ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ሽቦ ሲጠይቋት እስከ ዛሬ በደንብ አታስታውስም። በኮሪደሩ አንደኛ ጫፍ እሷ፣ በሌላኛው ጫፍ ፀጉር ሠሪዋ ተቀምጠው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት፣ ይከፈታል በተባለበት ሰዓት፣ ጋሼ እንደገና አስታወከና ነርሶቹ ሮጡ። ፀጉር ሠሪዋ ተነሥታ ሽቦን አየቻት። ሽቦን ከዱላ ይልቅ ያ እይታ አመማት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ገብቶ ወጣ፤ ራሱን ነቀነቀና «እንዳለ ነው» ብሎ አለፈ። ረቡዕ ጠዋት ገብቶ ቆየ። በጣም ቆየ። ሲወጣ እጁን በፎጣ እየጠረገ ነበር።

«ዳቦ ስጡኝ እያለ ነው» አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ኮሪደሩ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ጋሼ ዳቦውን በላ፤ ረጋለትም። በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቱ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደነበረበት ወረደ። ጣቶቹን ቢያወናጭፍ አሥር ብቻ ሆኑ። ምስሉን እንደገና ሲያነሡት ያቺ ጥላ አልሰፋችም፤ ሐኪሙም ድሮም ከእሱ ጋር የኖረች ሳትሆን አትቀርም አለና ወደ ቤት ሰደደው።

ሽቦ ግን ያ ቤት ተዘጋባት። «የአንቺ እጅ የነካው ነገር ከእንግዲህ እዚህ አይገባም» ብላታለች ፀጉር ሠሪዋ። ሽቦም አልተከራከረችም። በስልክ እንኳ ለሦስት ሳምንት ከወንድሟ በቀር ከዚያ ቤት ያናገራት የለም። እሱ ነበር በየቀኑ እየደወለ የሚነዘንዛት። «ሌላ ሥሪልኝ እንጂ! ብርድ ልብስ ሥር እንደ ድንች ልበቅል ነው እንዴ?»

ሠራች። ቺፑን አውጥታ ጣለችው። በቻርጀር ፈንታ ባትሪ አደረገች፤ ምንም የሚበራና የሚጠፋ ነገር እንዳይኖር። ከአሮጌ ሬዲዮ አሥራ ሁለት እርከን ያለው ማዞሪያ ነቀለች። ለእያንዳንዱ እርከን የመብራቱን ኃይል የሚቀንስ አንድ አንድ ሬዚስተር መርጣ፣ ዕቃ ቤት ተቀምጣ በዐይኗ እየመዘነች በየደረጃው አሰናዳች። ኤልኢዲውን ወደ ሣጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ አዙራ፣ የሚያንጸባርቀው ብቻ በነጭ ወረቀት ተጣርቶ እንዲወጣ አደረገች። ጨርሳ አሥር ቀን ሙሉ ራሷ መብራቱ አጠገብ ተቀመጠች።

በጋሼ ጉትጎታ ፀጉር ሠሪዋ በሩን ከፈተችላት፤ ሣጥኑን ተቀበለቻት፤ እሷን ግን ደጅ ላይ አቆመቻት። ጓዳ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ በብርሃኑ ፊት እጇን ታወዛውዝ ጀመር። ሽቦ ከውጭ የእጅ አምባሯን ኮሽታ ትሰማ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ወጣችና «ግቢ» አለቻት።

ጋሼ የመጀመሪያው እርከን ላይ ስምንት ቀን ቆየ። ሁለተኛው ላይ አምስት ቀን። አንዳንዱን እርከን አልችል ብሎ ይመለስ ነበር፤ አራተኛው ላይ ሁለት ጊዜ አቅቶት ወደ ሦስተኛው ወረደ። ሽቦ በየሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ቆማ ታያለች፤ ትሄዳለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ሴቶች ባሉበት፣ ጋሼ «ጨምሪ» አለ።

ሽቦ ማዞሪያውን አዞረችው፤ ቀጭ አለ።

«ጨምሪ።»

«አይበቃህም? ዛሬ ስድስት ደርሰሃል» አለች ሚስቱ።

«ጨምሪ አልኩ።»

ቀጭ። ጋሼ ዐይኑን ጠበብ አደረገ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ሽቦ እጇን ማዞሪያው ላይ እንደያዘች ለመመለስ ተዘጋጅታ ቆመች። እሱ ግን ወደ መብራቱ አልነበረም የሚያየው፤ ወደ ሚስቱ ነበር።

«ከስተሻል» አለ።

ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አንተስ? ጢምህን አይተኸዋል?» አለች ከጣቶቿ ኋላ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይታወቅም። ከዚያ ሽቦ ወዳለችበት ሳትዞር «ምን ትገተሪያለሽ፣ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ» አለች።

ሽቦ ተቀመጠች።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ከተቃራኒ የሚመጣ መኪና መብራት እስከ ዛሬ ያስጨንቀዋል። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ስምሪት ክፍል ተቀምጦ ሌሎች ሹፌሮችን ይልካል፤ እየላከም ይጮኽባቸዋል። ፀጉር ሠሪዋ ከሽቦ ጋር ታርቃለች፣ ግን እንደ ድሮው አቅፋ አትስማትም። ሽቦም አሁን ማንኛውንም መብራት ከማስረከቧ በፊት አብርታ፣ በብርሃኑ ፊት እጇን ደጋግማ ታወዛውዛለች።